የረዘመው እጅጌ

«ወንድሟን የጣለችው እሷ ናት አሉ፤ በጸሎት።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን የሰማችው የቆሻሻ ከረጢቷን ይዛ ከሦስተኛው ፎቅ ስትወርድ ነው። ደረጃው ስለሚጠማዘዝ ታች የቆመ ሰው አይታይም፤ ድምፁ ግን ግድግዳ ለግድግዳ እየታከከ ይወጣና ጆሮ ሥር የተነገረ ያህል ይሰማል። አንደኛዋን በድምፅዋ አወቀቻት፤ የምድር ቤቷ ጎረቤት ናት። ሌላዋ እንግዳ ናት። «ያቺ ቀጭኗ? አንገቷን ደፍታ የምታልፈው?» አለች እንግዳዋ። «እሷው። አንድ አርብ ማታ ጸለየችበት፣ ወር ሳይሞላው ሰውዬው እንደ ቆመ ወደቀ። አፉም አብሮ ተዘጋ። እኔማ ከዚያ ወዲህ ሳያት እስከ መንጋጋዬ ነው የምስቅላት።» ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ሰፊዋ መመለስ አማራት፤ እግሯ ግን ወረደ። ሲያዩዋት ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ጠፋ። እንግዳዋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። የምድር ቤቷ ጎረቤት ግን፣ ባለፈው ዓመት በልብስ ማስጫ ገመድ ሰበብ የስድብ መዓት ያወረደችባት ሴት፣ ፈጠን ብላ ቀረበችና ከረጢቱን ከእጇ ወሰደች። «አንቺማ አትልፊ የኔ እመቤት፤ እኔ እጥለዋለሁ» አለች። ሰፊዋ ባዶ እጇን እንደ ዘረጋች ቀረች። ሴትዮዋ የሰው ቆሻሻ አቅፋ ስትሄድ ከኋላዋ አየቻት። የምትሮጥ እንዳይመስልባት እየተጠነቀቀች ነበር።

ሰሞኑን ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነው። ዳቦ ሻጩ ሳትጠይቀው ከሥር ትኩሱን እየመረጠ ይሰጣታል። አውቶቡስ ውስጥ የሰፈር ሰው ካለ ቦታ ይለቅላታል፤ ለቆላትም አጠገቧ አይቆምም። አንድ ጠዋት በሯን ስትከፍት ደፉ ታጥቦ አገኘችው፤ ማን እንዳጠበው እስካሁን አታውቅም። ክፉ የተናገራት የለም፣ ክፉ ያደረገባትም የለም። እውነቱን ለመናገር እሷም መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ወንድሟ መውደቁን የሰማች ዕለት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከአፏ የወጣው ቃል «ተመስገን» ነበር። ቃሉ እንደ ወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሰው የሌለበት ቤት ጸጥታ አልነበረም፤ አንድ ሰው አዳምጦ ሲያበቃ የሚሆነው ዓይነት ጸጥታ ነበር።

በደሉ ግን በደል ነው። እናታቸው የምትኖረው ታላቅ ወንድሟ ቤት ነበር። ወንድምና እህት ከልጅነታቸው ጀምሮ በእናታቸው ይቀናናሉ፤ እሱ «ለሴቷ ታደያለሽ» እያለ እናቱን ይነዘንዛል፣ እሷ «ወንዱን ታከብሪያለሽ» እያለች ታለቅሳለች። እናት ታመመች፤ ለሰፊዋ አልተነገራትም። ሞተች፤ አልተነገራትም። ቀብሩ ካለፈ በኋላ ወንድሟ ቡናማ ካፖርቱን ለብሶ መጥቶ በሯ ላይ ቆመ። ግባ ብትለው አልገባም። የካፖርቱን ቁልፍ እየፈታ እየቆለፈ «እማማ አርፋለች። ቀብረናታል» አላትና ወረደ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ አውቶቡስ መስመር ላይ እየኖሩ። የሰረቀህ ሰው ፖሊስ አለለት፤ የመታህ ሰው ፍርድ ቤት አለለት። የእናትህን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ እንዳታይ ያደረገህን ሰው የትኛው ዳኛ ፊት ታቆመዋለህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስታወጣና ስታወርድ ኖረች። ከሰው መካከል ዳኛ አጣች። ስለዚህ የማይሸሹት ዳኛ ዘንድ ወሰደችው።

እዚያው ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ጡረታ የወጣች ነርስ አለች፤ በስሟ የሚጠራት የለም፣ ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። አርብ አርብ ማታ ሴቶች እሷ ክፍል ይሰበሰባሉ። አጸላለያቸው የራሳቸው ነው። የሚጸለይለት ሰው በሌለበት ልብሱ ይመጣል፤ መጥቶም ባዶ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዝም ብሎ አይጣልም። ትከሻው በወንበሩ መደገፊያ ላይ ይስተካከላል፣ ቁልፉ እስከ አንገቱ ይቆለፋል፣ እጅጌዎቹ ወደ ፊት ታጥፈው ጭን ሊሆን ይችል በነበረው ቦታ ላይ ያርፋሉ። ሴቶቹ ዙሪያውን ቆመው ያንን የተቀመጠ ልብስ እያዩ ይጸልያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ለታመመ ነው፣ ለሚጠጣ ባል ነው፣ ደብዛው ለጠፋ ልጅ ነው። ሰፊዋ የወንድሟን ካፖርት ይዛ የመጣች ዕለት ሲስተር ምን እንለምንለት ስትላት «ፍርድ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ጸለዩ። የዛሬው ቅዳሜ ደግሞ የምስጋና ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሲስተር ክፍል ይሰበሰባሉ፤ ሰፊዋም ተነስታ እግዚአብሔር እንዴት እንደ ፈረደላት ትመሰክራለች። የምትናገረውን መርፌ ስትወጋ፣ ሳህን ስታጥብ፣ በልቧ ስትደጋግመው ነው የሰነበተችው።

ወደ ክፍሏ ስትመለስ ልጇ ለሥራ እየለባበሰ ነበር። ልጇ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሥራው በገመድ የተንጠለጠለ ሳጥን ጣራ ላይ ቆሞ፣ ከላይም ከታችም ጨለማ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ፣ በእጅ ባትሪ መሥራት ነው። እሷ ስለ ሥራው አትጠይቀውም፣ እሱም አይነግራትም፤ እንዲህ ነው የሚስማሙት። ከመጋረጃው ጀርባ «እማ፣ እንዳትቆጪ» አላትና ወጣ።

ቡናማውን ካፖርት ለብሶ ነበር።

ከዓይኗ ቀድሞ እጇ ነው ያወቀው። የካፖርቱ ትከሻ በልጇ ትከሻ ልክ ቁጭ ብሏል። እጅጌው የእጁ አንጓ ጋ ደርሶ ቆሟል፤ አንድ ጣት አላለፈም፣ አንድ ጣት አልጎደለም። የሰው ልብስ የለበሰ አይመስልም፤ ለእሱ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ለእሱ የቆረጠችውም ራሷ ናት።

የሆነው እንዲህ ነው። በዚያ በጸሎቱ ሰሞን የወንድሟ ሚስት ካፖርቱን ሰፊዋ የምትሠራበት ላውንደሪ ድረስ አመጣችው። ሁለቱ ሴቶች ስለማይነጋገሩ የላውንደሪው ባለቤት መሀል ገብቶ ትእዛዙን አደረሰ፤ ትከሻው ሁለት ጣት ይግባ፣ እጅጌው ይርዘም። ሰፊዋ ካፖርቱን ገና ከሩቅ አወቀችው። በሯ ላይ ሲፈታና ሲቆለፍ ያየቻቸው ቁልፎች አልጠፏትም። ትከሻው ይግባ ሲባል «ከስቷል» ብላ አሰበች፤ ደስ አላት። እጅጌው ይርዘም ሲባል ግን መቀሷ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ሰው ሲከሳ እጁ አይረዝምም። ይህን ትናንት መርፌ የጨበጠ ተለማማጅ ያውቀዋል። እሷም አወቀችው፤ አውቃም አለፈችው፤ ስለዚያ ሰው እጅ ለማሰብ በዚያን ጊዜ ልቧ አልፈቀደም። ጠርዙን ፈታች፣ የድሮውን እጥፋት በካውያ አጠፋች፣ አዲሱን ሰፋች። ያን አርብ፣ ካፖርቱ ወደ ባለቤቱ ሳይመለስ፣ በላስቲክ ሸፍና ወደ ሲስተር ክፍል ወሰደችው። አሁን ልጇ ያንኑ ለብሶ ፊቷ ቆሞ ፈገግ ይላል።

ልጁ ነገሩን የነገራት እየተጣደፈ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሲወጣ አጎቱ ጋ ብቅ ማለት ከጀመረ ከርሟል፤ እንዳይከፋት ነው የደበቃት። ካፖርቱን አጎቱ ነው የሰጠው፣ ገና ጤነኛ ሳለ። ብርዱ እስኪመጣ አስቀምጦት ነበር፤ ዛሬ የሚገባበት ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ጉድጓዱ ንፋስ አለው። ሰፊዋ አውልቀው አለችው። ለምን አላት። ለምን እንደሆነ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን በዚህ ቤት ውስጥ፣ በዚህ ልጅ ፊት፣ ጮክ ብሎ የሚነገር ዓይነት አልነበረም። «ለሥራ ልብስ አይሆንም፤ ይቆሽሽብሃል» አለችው። ሳቀ። «እናቴ ላውንደሪ አይደል እንዴ የምትሠራው» አላትና ግንባሯን ስሟት ወጣ። ጫማው ደረጃው ላይ ሲርቅ፣ የምድር ቤቷ ጎረቤት ያለወትሮዋ «በሰላም ግባ የኔ ልጅ» ስትለው ሰማች።

ላውንደሪው ጠባብና ረጅም ነው። ከፊት የደንበኛ መቀበያ፣ መሀል የካውያ ጠረጴዛዎች፣ ከኋላ ደግሞ የሷ የስፌት መኪና አለ። ከላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በኤሌክትሪክ የሚዞር ሀዲድ ተዘርግቷል፤ ባለቤቱ ቁልፉን ሲጫን ልብሶቹ ተሰልፈው ይሄዳሉ፣ ራስ የሌላቸው፣ እጅ የሌላቸው፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እየነካ። ብዙ ዓመት ከሥራቸው ተቀምጣ ቀና ብላ አይታቸው አታውቅም ነበር። ዛሬ ሀዲዱ በተነሳ ቁጥር ቀና ትላለች። ቡናማ ነገር በተራው ባለፈ ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋታል። ለልጇ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን እንደማይሠራ ታውቃለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን እንደማይሠራ ማወቋ ይበቃት ነበር። ደግማ ደወለች። ያቺ ስልኩ ላይ የተቀረጸች ሴት በዚያ በማይሞቅ በማይቀዘቅዝ ድምፅዋ የደወሉላቸውን ሰው ማግኘት አይችሉም አለቻት። አረፍተ ነገሩን ከዚህ በፊት እንዲህ አድምጣው አታውቅም።

የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን አርብ ካፖርቱ የማን ነበር? ገና የወንድሟ ከነበረ ጸሎቱ ወደ ተላከበት ሄዷል፤ ያለቀ ነገር ነው። ወንድሟ ቀድሞ ሰጥቶት ከነበረ ግን፣ እነዚያ ሁሉ ሴቶች ዓይናቸውን ተክለው ፍርድ የለመኑት በልጇ ትከሻ፣ በልጇ ክንድ ልክ በተሰፋ ልብስ ላይ ነው። ወንድሟ ወደቀ። ልጇስ? ፍርድ በአንዴ ያልቃል ወይስ ተራ ይጠብቃል? ይህን ማንን ትጠይቃለች።

የላውንደሪው ባለቤት ሲተነፍስ እንደ ካውያ ስለሚነፋ ሠራተኞቹ በሌለበት እንፋሎት ይሉታል። ቀድሞ ለአንድ ሰዓት ፈቃድ ግማሽ ቀን የሚያስለምን ሰው ነበር። መውጣት እንደምትፈልግ ገና ሳትጨርስ «ሂጂ፣ ሂጂ» አላት። ከዚያ ቀልድ ለማስመሰል ሞከረ። «ብቻ ከኔ ጋር ሳትጣዪ ሂጂ። እኔ ደም ግፊት አለብኝ፤ ለኔ ትንሽ ጸሎት ይበቃኛል።» የካውያ ሠራተኞቹ ሳቁ፤ እሱ ግን እየሳቀ ፊቷን ያጠና ነበር፤ መሳቋን ሳያይ ዓይኑን አላነሳም። ሳቀችለት። ትከሻው ወረደ።

ሲስተር ክፍሏን ለከሰዓቱ እያሰናዳች አገኘቻት። ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል፤ መስኮቱ ተከፍቷል፤ የተወለወለው ወለል ገና አልደረቀም። ሰፊዋ አልተቀመጠችም። የተጸለየ ጸሎት ይመለስ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ከዚያ የካፖርቱን ነገር፣ ስለ ትከሻውና ስለ እጅጌው፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ሲስተር ለታማሚ ታደርገው እንደ ነበረው አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠቻት።

«እግዚአብሔር በጨርቅ አይሳሳትም» አለቻት።

«እንግዲያ ጨርቁ ለምን አስፈለገን?»

«ለኛ ነው እንጂ። ሰው የሚያየው ነገር ካልያዘ ልቡ ይበተንበታል።»

«እሱስ ታዲያ ያን ዕለት ምን አየ?»

ሲስተር አንድ ወንበር አቃናች። «ልብሽን ነዋ» አለች።

ለማጽናናት ብላ ነው የተናገረችው። ሰፊዋ ግን ቃሉ ገብቶ ሲቀመጥባት ተሰማት። እግዚአብሔር የሚያየው ካፖርቱን ከሆነ ልጇ አደጋ ላይ ነው። የሚያየው ልብ ከሆነ ደግሞ፣ ያን አርብ ልቧ ውስጥ የነበረውን እሷ ታውቀዋለች። ፍርድ አለች እንጂ የፈለገችው ፍርድ አልነበረም። ወንድሟ መሬት ላይ ሲወድቅ፣ ሰው ሲጠራ፣ ማንም ሳይሰማው ሲቀር ነበር በዓይነ ሕሊናዋ ያየችው፤ ቁልጭ አድርጋ፣ እስከ ምንጣፉ ቀለም። ሐኪሞቹ ደም ግፊት ነው ብለዋል። ሰው ሁሉ በደም ግፊት ይወድቃል፤ ምናልባት ጸሎቱም ካፖርቱም ምንም አላደረጉም። ይህኛው ሐሳብ ቀለል ሊላት ይገባ ነበር። አልቀለላትም። እንዲያ ከሆነ ለእናቷ የሚፈርድላት የለም ማለት ነው።

ልትወጣ ስትል ሲስተር ክንዷን ያዘቻት። በሩ መዘጋቱን ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ መሳቢያዋን ስባ አንድ የአንገት ሻሽ አወጣች። ሐር መሳይ፣ ሰማያዊ፣ በጥንቃቄ የታጠፈ ነው። የራሷ የሲስተር ልጅ ሚስት ሻሽ እንደሆነ ነገረቻት። ያቺ ሴት የልጅ ልጆቿን እንዴት እንደ ነፈገቻት፣ በዓል በመጣ ቁጥር በሩን እንዴት እንደምትዘጋባት፣ ዓመታት እንዳለፉ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ ነገረቻት። «እኔ ለምኜ ለምኜ ደከመኝ። ያንቺ ይሰማል» አለቻት። «ክፉ እንዲደርስባት አይደለም። እንዲያው ታውቀው ዘንድ።» ሻሹን መዳፏ ላይ አደረገችላት። ሰፊዋ ያን የቀለለ ጨርቅ ይዛ ቆመች። ሽቶ ይሸታል፤ ሽቶውን የተቀባችው ሴት በሕይወት አለች፣ ይህን ሰዓት የሆነ ቦታ ምናልባት ምሳ እየሠራች ነው። ሻሹን ወንበር ላይ እንኳ ማስቀመጥ ፈራች፤ መልሳ ሲስተር እጅ ውስጥ አስጨበጠቻትና ወጣች። ሲስተር ከኋላዋ፣ በለዘበ ድምፅ፣ ከሰዓት እንዳትቀሪ አለቻት።

የወንድሟ ቤት ሰፊዋ ከምታስታውሰው አንሶ ጠበቃት። በሩን የከፈተችው የወንድሟ ሚስት ናት። ሁለቱ ደፉን መሀል አድርገው ቆሙ። እናት ከሞተች ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ አሁንም ከየት እንደሚጀመር አንዳቸውም አላወቁም። ሚስትየው ወፍራለች፣ ወይም አብጣለች፤ እጇ የሳሙና አረፋ ነው። በመጨረሻ «እግርሽ እንዳይርስ፤ አሁን ነው ያጠብኩት» አለች። ግቢ ማለቷ ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ግድግዳ ተጠግቶ ለተሽከርካሪ ወንበር መንገድ ተለቋል። ጠረጴዛው ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ማንኪያ፣ የተፈጨ ሾርባ የቀረበት ሳህን አለ። የእናቷ ፎቶ ድሮ በነበረበት ነው። ሚስትየው ወንበር ሰጠቻት፣ ራሷ ቆማ ቀረች። ሰፊዋ ሌላ ምንም ሳታስቀድም ጥያቄዋን ጠየቀች፤ ካፖርቱን ወንድሟ ለልጇ የሰጠው መቼ ነው፣ ላውንደሪ ከመምጣቱ በፊት ወይስ በኋላ።

ሚስትየው ጥያቄው ገርሟት አየቻት። በፊት ነው አለች። እዚሁ ሳሎን ውስጥ፣ ልጁን አቁሞ አለበሰው። ትከሻው ሰፋው፣ እጅጌው ግን አጠረው፤ ሁለቱ እየተያዩ ሳቁ። ካፖርቱ ያን ዕለት የልጁ ሆነ። «ሌላ ሰፊ ጋ ልውሰደው ብዬው ነበር» አለች። «እምቢ አለኝ። እሷ ጋ ውሰጂው አለ። የልጇን ልክ አታጣውም፣ ስታየው ይገባታል አለኝ። እንደ ማስታረቂያ ነበር ያሰበው። ካፖርቱ ተመልሶ ሲመጣ ኪሱን ሁሉ ፈተሸ፣ የሆነ ነገር ጽፈሽ እንደሆነ ብሎ። ምንም አልነበረም።»

ሰፊዋ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። ለምን አልነገረችኝም አለች በልቧ፤ ከዚያ መቀሷ አየር ላይ የቆየበትን ያን ቅጽበት አስታወሰች። ተነግሯት ነበር። በምታውቀው ቋንቋ፣ በሁለት ጣት ትከሻና በአንድ እጅጌ፣ ተነግሯት ነበር። ሚስትየው ንግግሯ ስለ ተጀመረ ማቆም አልቻለችም። ስለ እናትየውም አወራች፤ ሳትሸፍን። አሮጊቷ ስትታመም የምትጠራው ልጇን ብቻ ነበር፣ ሴቷን። እሱ በቅናት ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ሞት ቀደመው። ከዚያ ደግሞ አፈረ። «ልከላከልለት አልችልም» አለች፤ «ጥፋቱ የሱ ነው። እኔም ዝም ብያለሁ።» ከዚያ ወደ ውስጠኛው በር በአገጯ አመለከተች። «ይሰማል። ሁሉን ይሰማል። ያንቺን ጸሎት ጎረቤቶች አልጋው አጠገብ ቆመው ነው ያወሩት፤ እንቅልፍ የያዘው መስሏቸው።»

ያስተኙት እናታቸው በሞተችበት ክፍል፣ በዚያው አልጋ ላይ ነው፤ ሌላው ክፍል ለተሽከርካሪ ወንበሩ አይበቃም። መጋረጃው ግማሽ ተከፍቷል። ወንድሟ በጀርባው ተኝቷል። ግማሽ ፊቱ እንደ ነበረ ነው፣ ኩሩ፣ ትንሽ የተቆጣ፤ ግማሹ እርጥብ ልብስ ከመስቀያ እንደሚንሸራተት ወርዷል። አንዱ ዓይኑ ወደ በሩ ዞረ። አየቻት፣ አያት። አልጋው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ የአልኮልና የሕፃን ዱቄት ሽታ አለው። የእናቷን ፊት ልታይበት ሁለት ዓመት ያለመችው ክፍል ነው፤ አሁን ግን ወዴት እንደምታይ አላወቀችም።

«ጋሼ» አለችው።

ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም።

ለከሰዓት ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ከዚያ ውስጥ አንድም ቃል አልጠቀማትም። እንዲፈረድብህ ጸለይኩ አለችው። ስትወድቅ ማየት ፈልጌ ነበር አለችው። ሲነግሩኝ ተመስገን አልኩ። ይህን ሁሉ ስትናገር ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት፤ ክፍሉ ከምትለው በላይ እየሰማት እንደሆነ ተሰማት። ከዚያ ያመጣትን ተናገረች። ልጄ ዛሬ ያንን ካፖርት ለብሶ ወጥቷል አለችው፤ የተለመነው ነገር ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ የተበደለው አንተ ነህ፣ ምሬሻለሁ ብትለኝ ምናልባት እዚህ ያበቃል። ይህን እያለች ራሷን ታዘበች። ይቅርታውን የፈለገችው ስለሱ አልነበረም፤ አሁንም ስለ ልጇ ነበር። እሱም ይህን ያየ መሰላት። በዚያ ባልወረደው የፊቱ ግማሽ ላይ የሆነ ነገር አለፈ።

«በለኝ» አለችው። «አንድ ቃል በለኝ።»

አፉ ተንቀሳቀሰ። ከንፈሩ በአንድ በኩል ተሰበሰበ፣ ጉሮሮው ውስጥ አየር ተንከባለለ፣ ድምፅ ሊሆን ደረሰና ሳይሆን ቀረ። ደግሞ ሞከረ። አገጩ ላይ ምራቅ ወረደ። የምትፈልገው ቃል እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል። ሊምራት ይሆናል፣ ሊረግማት ይሆናል፣ ውሃ ሊጠይቃት ይሆናል። ያኔ ነው የገባት። የሷን ነገር ሊዘጋ የሚችል አፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይኸው፣ እሷ ራሷ እንዲዘጋ የለመነችው።

አገጩን ልትጠርግለት እጇን ስትሰድ ደህናው እጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ አንጓዋን ያዘ። አያያዙ የታማሚ አልነበረም። አጥንቷ እስኪሰማት ያዛት። ደንግጣ ልትስብ ስትል ይበልጥ ጠበቀ። ሚስትየው በሩ ላይ ሆና አትደንግጪ አለቻት። ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ ሳያውቀው ነው የሚይዘው፣ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፣ መልቀቅ ግን አይችልም፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው የሚያላቅቁት። ልታላቅቅላት ቀረበች። ሰፊዋ የወንድሟን ዓይን አየችው። ሐኪሙ ሳያውቀው ነው ብሏል። ዓይኑ ግን ላፍታ እንኳ ከሷ አልተነቀለም።

«ተዪው» አለቻት።

ከሰዓቱ እንዲያው አለፈ። የመጋረጃው ጥላ ግድግዳውን ተሻገረ። ጣቶቿ መጀመሪያ ቀሉ፣ ከዚያ ቀዘቀዙ፣ ከዚያ መኖራቸው ጠፋት። ሚስትየው ገባች ወጣች፤ አንድ ጊዜ ሻይ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠች፤ ሰፊዋ ሌላውን እጇን በወንድሟ ጣቶች ላይ ጭና እንዳላነሳችው አይታ ብርጭቆውን ራሷ ወደ አፏ አስጠጋችላት። ብርሃኑ ሲደክም የውጭው በር ተከፈተ፤ ሳሎኑ ውስጥ የልጇ ድምፅ ተሰማ፣ የለመደ ሰው ድምፅ፣ ጫማውን እያወለቀ። ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ደህና ነው። ደስታው መጣ፣ ሙሉ ሆኖ ግን አልመጣም፤ ሰኞ ደግሞ ይወጣል፣ ማክሰኞም፣ ያንኑ ካፖርት ይልበስ አይልበስ። ከእንግዲህ የሚገባበትን ሰዓት ሁሉ እንዲህ እንደምትጠብቅ አወቀች።

ልጁ እናቱን እዚያ ሲያያት በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ ቅባት አለ፤ ካፖርቱ ክንዱ ላይ ነው። የተያዘውን እጇን አየ፤ ተንበርክኮ የአጎቱን ጣቶች ለማላቀቅ እንደ ለመደው በትንሿ ጣት ሊጀምር ሲል ተወው አለችው። ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። ተቋረጠና እንደገና ጮኸ። ልጁ አወጣና አነሳው፤ አዳመጠና በመዳፉ ሸፈነው።

«ሲስተር ናት። ሁሉም እስካሁን ተቀምጠው እየጠበቁሽ ነው አለች። ምን ልበላት?»

ሰፊዋ ከወንድሟ ዓይን ዓይኗን አላነሳችም። «ወንድሜ አንድ ነገር እስኪመልስልኝ እየጠበቅኩ ነው በላት።»

ልጁ አጎቱን አየ፣ እናቱን አየ። «እማ» አላት ቀስ ብሎ፤ «እሱ እኮ አይናገርም።»

«አውቃለሁ» አለችና በርጩማውን በእግሯ ወደ አልጋው አስጠጋች።